ዕድሜው ጫፉ ላይ ነው፦ የሶዲየም መብራት ኤሌክትሮዶች ታሪክ ሲቃኝ

ኔዘርላንድ ውስጥ፣ በሊምበርግ ግዛት፣ ቤክን ከኼሌን የሚያገናኝ መንገድ አለ። በ1932 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፊሊፕስ ኩባንያ በዚህ መንገድ ዳር የሶዲየም መብራት ተከለ። በሶዲየም ከበሩት የዓለም መንገዶች ቀዳሚ ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ፣ ክሮይደን ውስጥ፣ ፐርሊ ዌይ የተባለው ጎዳና ተከተለ። ብርሃኑ ቢጫ፣ ያውም ከቢጫ በቀር ሌላ ቀለም የሌለበት ነበር። ቀይ ካፖርት የለበሰውም ሆነ አረንጓዴ የለበሰው ሰው ከሥሩ ሲያልፍ ግራጫ ወይም ጥቁር ለብሶ ይታያል።

መብራቱን ቆጣቢ ያደረገውም ይኸው አንድ ቀለም ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ የሆነ የሶዲየም ትነት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ብርሃኑን ከሞላ ጎደል በሁለት የተጠጋጉ የሞገድ ርዝመቶች፣ በ589.0 እና በ589.6 ናኖሜትር ላይ ይለቃል። የሰው ዐይን በደማቅ ብርሃን ከሁሉ አብልጦ የሚቀበለው በ555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ነው፤ 589 ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ቱቦው ከሚያመነጨው ብርሃን ዐይን ሳያየው የሚባክነው ጥቂት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ዋት 50 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ይገኝ ነበር፤ በ1980ዎቹ ቁጥሩ 200 ደረሰ።

ስለዚህ መብራት ሲጻፍ በአብዛኛው የሚተረከው ከ50 ወደ 200 የተወጣው አቀበት ነው፤ የመስታወቱ፣ የሙቀት ማቆያው፣ የብርሃኑ ነገር። አምፖሉ ስንት ዓመት ያገለግላል የሚለውን ግን ከምንም በላይ የሚወስኑት በቱቦው ጫፍና ጫፍ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ጥምዝ ሽቦዎች፣ ማለትም ኤሌክትሮዶቹ፣ ናቸው። ኤሌክትሪኩ ከብረት ወጥቶ ወደ ጋዝ የሚገባው በእነሱ ነው። የመብራቱ እያንዳንዱ መሻሻል በእነዚህ ሽቦዎች ላይ ሸክም ጨምሯል ወይም ቀንሷል፤ ይህ ቅኝትም የሚከተለው የእነሱን ታሪክ ነው።

ከመብራቱ በፊት የተማሩት

ብረት ኤሌክትሮኖቹን በቀላሉ አይለቅም። ተንግስተን ኤሌክትሮን እንዲተፋ ከተፈለገ ከ2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መጋል አለበት። በ1904 ገደማ አርቱር ቬኔልት የተባለ ጀርመናዊ ፊዚሲስት የሚያቀል መንገድ አገኘ፦ የጋለ ብረት በካልሲየም ወይም በባሪየም ኦክሳይድ ሲቀባ፣ በጣም ባነሰ ሙቀት ብዙ ኤሌክትሮን ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የሬዲዮ ቫልቮች፣ የፍሎረሰንት መብራቶችና የሶዲየም መብራቶች በአብዛኛው የቬኔልት ቅብ ወራሾች ናቸው።

ቅቡ ግን ስስ ነው፤ ጋዝ ባለበት ቱቦ ውስጥ ደግሞ ጠላት አለው። ኤሌክትሮን ያጡ የጋዝ አቶሞች፣ ማለትም አዮኖች፣ ኤሌክትሮን ወደሚሰጠው ጫፍ፣ ወደ ካቶዱ፣ እየተወረወሩ ይደበድቡታል። እዚህ ላይ ትልቁን ሥራ የሠራው የአሜሪካው ኩባንያ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰው አልበርት ሐል ነው። ሐል በ1920ዎቹ መጨረሻ እንዳሳየው ድብደባው ሁሌም አጥፊ አይደለም፤ ወሰን አለው። ከካቶዱ ፊት ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ከ20 እስከ 25 ቮልት አካባቢ ካላለፈ አዮኖቹ ቅቡን ሳይጎዱ ያሞቁታል። ካለፈ ግን አቶም በአቶም እየቦረቦሩ ያነሱታል። ይህ ወሰን የዚህን መብራት ኤሌክትሮድ ጤንነትም ሆነ ሕመም ያብራራል፤ ወደ ኋላ ደጋግመን እንመለስበታለን።

ሌላው ዕዳ የመስታወቱ ነበር። የጋለ ሶዲየም ተራ መስታወትን በልቶ ያጠቁረዋል። በኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው አርተር ኮምፕተን በ1920 አካባቢ ለዌስቲንግሃውስ ሲሠራ ሶዲየምን የሚቋቋም መስታወት ፍለጋ ደክሟል። በጀርመን በኦስራም ውስጥ ማርሴሎ ፒራኒ፣ በኔዘርላንድ ደግሞ በፊሊፕስ ቤተ ሙከራ የጊልስ ሆልስት ቡድን ችግሩን በየፊናቸው ፈቱት። መፍትሔው ቱቦውን ከተለመደ መስታወት ሠርቶ ውስጡን በስስ የቦሬት መስታወት መለበጥ ነበር። መስታወቱ ሲገኝ ጥያቄው ወደ ጫፎቹ ዞረ።

ካቶዱን በውጭ ኃይል ማሞቅ

የፊሊፕስ የመጀመሪያዎቹ የመንገድ አምፖሎች የሚሠሩት በቀጥተኛ ፍሰት ማለትም በዲሲ ነበር። በዲሲ ሥራው ይከፋፈላል፦ አንዱ ጫፍ ሁልጊዜ ካቶድ ነው፣ ኤሌክትሮን ይሰጣል፤ ሌላው ሁልጊዜ አኖድ ነው፣ ይቀበላል። ካቶዱ በኦክሳይድ የተቀባ ጥምዝ ሽቦ ሲሆን ለራሱ በተመደበለት ትንሽ ትራንስፎርመር ይሞቃል። አኖዱ እርቃን ብረት ነው።

ለኤሌክትሮዱ ይህ ምቹ ኑሮ ነበር። ካቶዱ አስቀድሞ ስለሞቀ ጋዙ ሲቀጣጠል ኤሌክትሮኑ ዝግጁ ነው፤ የቮልቴጅ ልዩነቱ ሐል ካሰመረው ወሰን አይወጣም። ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ለእያንዳንዱ ምሰሶ የማሞቂያ ትራንስፎርመር፣ ለመስመሩ ተለዋጭ ፍሰትን ወደ ዲሲ የሚቀይር መሣሪያ፣ ለማሞቂያው በየሰዓቱ የሚባክን ዋት ያስፈልጋል። መንገድ የሚያበራ ማዘጋጃ ቤት ይህን ሁሉ ሲደምር የቆጣቢው መብራት ትርፍ ይሸረሸርበታል።

አሜሪካውያን ማሞቁን አልተዉም፤ ወደ ተለዋጭ ፍሰት ሲሻገሩም ይዘውት ሄዱ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1933 በስኬኔክታዲ ከተማ አቅራቢያ መንገድ ላይ ሞክሮ ወደ ገበያ ያወጣው ባለ 10,000 ሉመን አምፖል በየጫፉ የተቀባ ፊላሜንትና ከጎኑ የሞሊብዴነም አኖድ ነበረው። ማታ መስመሩ ሲከፈት ፊላሜንቶቹ መጀመሪያ ይሞቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ፍሰቱ በጋዙ ውስጥ የሚለቀቀው። ሐልን ያፈራው ኩባንያ በሐል ትምህርት ሠራ ማለት ነው። በ1936 የተከፈተው የሳን ፍራንሲስኮና የኦክላንድ ድልድይ፣ በ1937 የተከፈተው ጎልደን ጌትም በሶዲየም ብርሃን ሥራ ጀመሩ። ጎልደን ጌት ላይ ዝቅተኛ ግፊቱ ሶዲየም እስከ 1972 ቆይቶ ለከፍተኛ ግፊቱ ዘመዱ ቦታውን ለቀቀ።

አውሮፓ ግን ሌላ መንገድ መረጠ፦ ማሞቂያውን ጨርሶ መተው።

ሽቦው ከቅርብ ሲታይ

ከጊዜ በኋላ በመላው አውሮፓ የተለመደውን፣ ሶክስ የሚባለውን አምፖል አንስተን እንመልከት። የውስጡ ቱቦ እንደ ዩ ፊደል የታጠፈ ስለሆነ ሁለቱም ጫፎች በአንድ ወገን፣ አምፖሉ ከማቀፊያው በሚገጥምበት በባዮኔት ካፑ በኩል ጎን ለጎን ይገናኛሉ። በእያንዳንዱ ጫፍ የተንግስተን ሽቦ ተጠምዝዞ፣ ጥምዙ እንደገና ተጠምዝዞ ተቀምጧል። ድርብ ጥምዙ የቁጠባ ብልሃት ነው፤ በትንሽ ቦታ ብዙ ቅብ በውስጡ ቋጥሮ ይይዛል።

ቅቡ የባሪየም፣ የስትሮንሺየምና የካልሲየም ውሕድ ነው። በፋብሪካ ሲቀባ ካርቦኔት ሆኖ ነው፤ ኦክሳይዱ አየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ አይቀመጥም። ቱቦው አየሩ እየተሳበ ሳለ ሽቦው እንዲግል ይደረጋል፤ ካርቦኔቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለቆ ኦክሳይድ ይሆናል። ከዚያ በሥራ ላይ ባሪየም ኦክሳይዱ ከተንግስተኑ ጋር እየተዋሐደ ጥቂት ጥቂት ንጹሕ ባሪየም ይለቃል። ያ ባሪየም በሽቦው ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ሲዘረጋ ኤሌክትሮን የመልቀቂያው ደጃፍ ይከፈታል። የንጹሕ ተንግስተን ደጃፍ 4.5 ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን በቅቡ ከ2 በታች ይወርዳል።

ባሪየሙ ደግሞ አይቀመጥም። ይተናል፣ ይቦረቦራል፣ ከሥር ካለው ክምችት ይተካል። በኩራዝ ውስጥ እንዳለ ላምባ ነው፤ ክምችቱ እስካለ ድረስ ክሩ ራሱ አይቃጠልም።

በተለዋጭ ፍሰት ሁለቱ ጫፎች ሥራ ይቀያየራሉ። በ50 ኸርዝ መስመር እያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ለ10 ሚሊሰከንድ ካቶድ፣ ለሚቀጥለው 10 ሚሊሰከንድ አኖድ ይሆናል። ካቶድ ሲሆን አዮኖች፣ አኖድ ሲሆን ኤሌክትሮኖች እየመቱ ያሞቁታል። ስለዚህ መብራቱ አንዴ ከተነሣ በኋላ ሽቦው በራሱ ሥራ ይግላል፤ የውጭ ማሞቂያ አያሻውም። የቱቦው ግድግዳ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሆኖ ሳለ ሽቦው ላይ ያለችው ትንሽ ነጥብ ከ800 ዲግሪ በላይ ትግላለች።

ጉዳቱ ሲበራ ነው

መከራው ከመነሣቱ በፊት ባሉት ቅጽበቶች ነው። ቀዝቃዛ ሶዲየም ጠጣር ብረት ነው፤ ትነቱ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ቱቦው ውስጥ 99 በመቶ ኒዮንና 1 በመቶ አርጎን ይጨመራል። የዚህን ድብልቅ ምሥጢር የገለጠው የፊሊፕሱ ፍራንስ ፔኒንግ ነው፦ የተነቃቃ የኒዮን አቶም ጉልበቱን ለአርጎን አስተላልፎ አዮን ያደርገዋል፤ በዚህም ጋዙ የሚቀጣጠልበት ቮልቴጅ በእጅጉ ይቀንሳል። ሆኖም ለትንንሾቹ ሶክሶች 480 ቮልት፣ ለትልልቆቹ ከ600 ቮልት በላይ የሚሰጥ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ይኸው ትራንስፎርመር ቱቦው ከተቀጣጠለ በኋላ ባላስት ሆኖ ፍሰቱን ይገድባል።

ቮልቴጁ ሲደርስ ሽቦው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ኤሌክትሮን አይለቅም። ጋዙ በድብዝዝ ጭላንጭል ይበራል፤ በካቶዱ ፊት ያለው ልዩነትም ከመቶ ቮልት በላይ ይሆናል። ይህ ሐል ካሰመረው ወሰን አራት አምስት እጥፍ ነው። አዮኖቹ በዚህ ጉልበት ተወርውረው ሽቦውን እያሞቁ፣ ያንኑ ያህል ባሪየምና ተንግስተን እየፈለቀቁ ይበትናሉ። ሽቦው በቂ ሲግል ልዩነቱ በድንገት ይወርዳል፤ ድብደባው ይረግባል። ከዚህ በኋላ አምፖሉ ለ10 ደቂቃ ያህል በኒዮን ቀይ ብርሃን እየሞቀ ይቆይና ሶዲየሙ ሲተን ቢጫው ይመጣል። የአላፊ አግዳሚውን ዓይን የሚስበው ይህ የቀለም ለውጥ ነው፤ የኤሌክትሮዱ ጉዳት ግን ቀዩ ገና ሲጀምር አልፏል።

እንዲህ ያለ ማሞቂያ መነሣት ለአውሮፓ የተመቸው በመንገድ መብራት ጠባይ ምክንያት ነው። የመንገድ መብራት ማታ አንዴ ይበራል፣ ንጋት ላይ ይጠፋል፤ በዓመት ወደ 4,000 ሰዓት ሲሠራ የሚነሣው 365 ጊዜ ገደማ ነው። በእያንዳንዱ መነሻ የሚጠፋው ቅብ በ11 ሰዓት አገልግሎት ላይ ይካፈላል። ያንኑ አምፖል በየሰዓቱ የሚበራና የሚጠፋ መጋዘን ውስጥ ብናስገባው ግን ቅቡ እጅግ ፈጥኖ ባለቀ ነበር።

የኮቱ ታሪክና የኤሌክትሮዱ ድርሻ

የ1930ዎቹ የአውሮፓ አምፖል ሁለት ክፍል ነበረው። የውስጡ ቱቦ ሲያረጅ ይቀየራል፤ በላዩ የሚጠለቀው፣ በሁለት ግድግዳዎቹ መካከል አየር የሌለበት የመስታወት ኮት ግን ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ኤስኦ የሚባለው ይህ ነው። ኮቱ በዓመታት አቧራ ይለብሳል፣ ይሰነጠቃል፤ ሙቀት ያፈሳል። በ1950ዎቹ ኤስኦአይ መጣ፤ ኮትና ቱቦ አንድ ላይ ታሸጉ። በ1960ዎቹ ደግሞ ሶክስ የኮቱን ውስጠኛ ገጽ በስስ የኢንዲየም ኦክሳይድ ሽፋን ለበጠ፤ ቢጫው ብርሃን ያልፋል፣ ሙቀቱ ግን ተመልሶ ወደ ቱቦው ይገባል።

ሙቀቱ ሲቆይ ያንኑ 260 ዲግሪ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል አነሰ፤ ፍሰቱም ልክ ያዘ። ከሶክስ ቤተሰብ ባለ 35 ዋቱ 0.6 አምፔር፣ ባለ 180 ዋቱ 0.9 አምፔር ገደማ ነው የሚወስደው። ኃይሉ በአምስት እጥፍ ሲያድግ በኤሌክትሮዱ የሚያልፈው ፍሰት በግማሽ ብቻ አደገ። የቀረው የመጣው ቱቦውን ከማስረዘም ነው፤ የባለ 35 ዋቱ ቱቦ ቮልቴጅ 70፣ የባለ 180 ዋቱ 240 ነው።

ትልልቆቹ አምፖሎች ለምን ይበልጥ ቆጣቢ እንደሆኑ የሚገልጸውም ይኸው ሂሳብ ነው። ጫፎቹ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ሙቀት ይሆናል እንጂ ብርሃን አይሆንም፤ ቱቦው ቢረዝምም ቢያጥርም ያው ነው። 15 ቮልት ብንለው ከ70ው ላይ ከአምስት አንዱን ይወስዳል፤ ከ240ው ላይ ግን ከአሥራ ስድስት አንዱን ብቻ። ባለ 35 ዋቱ በአንድ ዋት 130 ሉመን ገደማ ሲሰጥ ባለ 180 ዋቱ 180 ገደማ ከሚሰጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ያረጀ አምፖል ሲመረመር

ከምሰሶ የወረደ አሮጌ ሶክስ ታሪኩን በገላው ይናገራል፤ ለማንበብ ግን ምልክቶቹን መለየት ያሻል። በኮቱ ራስ ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ የብር ቀለም ያለው ክብ ይታያል። ብዙ ሰው የማርጀት ምልክት ይመስለዋል፤ አይደለም። በኮቱ ውስጥ የሚቀረውን ጋዝ እንዲውጥ በፋብሪካ የተረጨ ባሪየም ነው። ክቡ ከነጣ ወይም ከጠፋ ኮቱ አየር አስገብቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው አምፖል ሙቀት ስለማይዝ ሌሊቱን ሙሉ ቀይ ሆኖ ያድራል።

የኤሌክትሮዱ ምልክት በሌላው ጫፍ፣ በካፑ በኩል ነው፦ በሽቦዎቹ ዙሪያ ቱቦው ላይ የተጋገረ ጥቁር። ይህ በየማታው መነሻ የተፈለቀቀው ተንግስተንና ባሪየም ነው። ከሁለቱ እግሮች አንደኛው ከሌላው ይበልጥ ከጠቆረ፣ አንዱ ኤሌክትሮድ ቀድሞ አርጅቷል። ቅቡ ባንድ ወገን ሲያልቅ ፍሰቱ በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ፣ በሌላው በጭንቅ ያልፋል። አምፖሉ ይርገበገባል፤ ባላስቱም ለዲሲ ስላልተሠራ ያጉረመርማል፣ ይግላል። ካቶዱ ፊት ያለው ልዩነት እንደገና ከሐል ወሰን ያልፋል፤ ያን ጊዜ መቦርቦሩ መነሻውን አይጠብቅም፣ ሌሊቱን በሙሉ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ዕድሜ አጭር ነው።

ሁለተኛው ሕመም የአርጎን ማለቅ ነው። የቱቦው የቦሬት ገጽ አርጎንን ቀስ በቀስ ይውጣል፤ የተበተነው ብረትም ከሥሩ ይቀብረዋል። ኒዮን ብቻውን ሲቀር ለመቀጣጠል የሚጠይቀው ቮልቴጅ ከትራንስፎርመሩ አቅም በላይ ይሆናል። ሁለቱ ሕመሞች ይመጋገባሉ፦ አርጎን ሲያንስ መነሣቱ ይቸግራል፤ መነሻው ሲረዝም ሽቦው ይበልጥ ይቦረቦራል። ሽቦው ገና ቅብ እያለው ሳይበራ የቀረ አምፖል የሚገጥመው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የሶዲየሙ ስደት ነው። ሶዲየም ከሞቀው ቦታ ተንኖ በቀዘቀዘው ይጠራቀማል። በሶክስ ቱቦ ላይ ተራ በተራ የሚታዩት ትንንሽ ጉብታዎች የተሠሩት ሶዲየሙን በየቦታው ለመያዝ ነው። ትልልቆቹ አምፖሎች ከአግድሙ ከ20 ዲግሪ በላይ እንዳያዘነብሉ የሚከለከለውም ቀልጦ የሚወርደው ሶዲየም ወደ አንድ ጫፍ እንዳይሄድ ነው። ካፑ ወደ ታች ሆኖ ከተተከለ ሶዲየሙ የሚያርፈው ኤሌክትሮዶቹና የሽቦዎቹ መግቢያ ላይ ነው።

የሚገርመው በዚህ ሁሉ መሐል ብርሃኑ ብዙም አለመቀነሱ ነው። ሶክስ ሲያረጅ ቮልቴጁ ይጨምራል፤ ብርሃኑን ጠብቆ ይበልጥ ዋት ይበላል። ከመንገድ ላይ የሚያየው ሰው ጤነኛ ነው ይላል፤ ቆጣሪው ግን ሌላ ነው የሚለው።

ማብቂያውና የቀሩት

በ1980ዎቹ የመጣው ሶክስ ኢ ሽፋኑን አሻሽሎ በባለ 131 ዋቱ 200 ሉመን በዋት ገደማ ደረሰ። በዚያው ዘመን መብራቱ ያልጠበቀው ወዳጅ አፈራ። አንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ የከዋክብት ተመራማሪዎች በቀላሉ ያጣሩታል፤ የአሜሪካዎቹ ከተሞች ሳን ሆዜ ለሊክ፣ ፍላግስታፍ ለሎውል የከዋክብት ምርምር ጣቢያ ሲሉ መረጡት። በካናሪ ደሴቶች ያለችው ላ ፓልማም በ1988 ሰማይዋን በሕግ ስትጠብቅ ሶዲየምን ተገን አደረገች። የቤልጂየም አውራ ጎዳናዎችና የእንግሊዝ ሰፈሮች ግን ከ2000 በኋላ ኤልኢዲ ሲገባ እያደር ነጡ፤ በ2010ዎቹ ማብቂያ ደግሞ የአምፖሉ ምርት ቆመ።

አሁን ያሉት በመጋዘን የተረፉት፣ ከምሰሶ የወረዱትና በሰብሳቢዎች እጅ ያሉት ናቸው። ለእነሱ የኤሌክትሮዱ ታሪክ የየዕለት መመሪያ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ለሁለት ደቂቃ አብርቶ ማጥፋት ለሶክስ ከሁሉ የከፋ አያያዝ ነው፤ በየመነሻው ቅቡን ከፍሎ አንድም ጊዜ ቢጫው ላይ ሳይደርስ ይጠፋልና። የሚሻለው ለዚያ አምፖል ልክ ከተሠራው የራሱ ባላስት ጋር ማያያዝ፣ አንዴ ማብራትና ለሰዓታት መተው ነው። የአሜሪካን አሮጌ ባለ ማሞቂያ አምፖል የያዘ ሰው ደግሞ ፊላሜንቶቹ ሳይግሉ ፍሰቱን እንዳይለቅ፤ የተሠራው በቀዝቃዛ ለመነሣት አይደለም።

ሁለቱ ወገኖች የተለያዩት በፊዚክሱ አልነበረም፤ ቬኔልትና ሐል ያስተማሩት ለሁሉም አንድ ነው። አሜሪካ ለእያንዳንዱ ምሰሶ ማሞቂያ ከፍላ ካቶዱን ከመነሻው ድብደባ አዳነች፤ አውሮፓ ማሞቂያውን ትታ በየማታው ጥቂት ባሪየም ከፈለች። አምፖል ረክሶ፣ መንገዱ በሌሊት አንዴ ብቻ የሚበራ ሲሆን የኋለኛው አዋጣ፤ ግማሽ ምዕት ዓመትም ገዛ። ዛሬ ተተኪ በማይሠራበት ጊዜ ሂሳቡ ተገልብጧል፦ ከእንግዲህ ውዱ ነገር ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ቅቡ ነው።